ማሳወቂያ ወይስ ማወኪያ? በቢሮ የመልእክት ድምፆች ላይ የቀረበ ሂስ

ሂስ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ልብ ወለድ፣ የግጥም መድበል፣ ተውኔት ወይም የሥዕል ዐውደ ርእይ ነው። ከዚህ አለፍ ሲል ዘፈንና ፊልም ይታከልበታል። ይሁንና ከየትኛውም ዘፈን ይልቅ በየቀኑ ደጋግመን የምንሰማው አንድ የድምፅ ሥራ አለ፤ እርሱም በቢሮ ኮምፒዩተራችን ላይ መልእክት በደረሰ ቁጥር የሚያቃጭለው አጭር ድምፅ ነው። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሰከንድ አይዘልም። አቀናባሪ አለው፤ አሳታሚ አለው፤ አድማጩም በሚሊዮን ይቆጠራል። የጎደለው ሃያሲ ብቻ ነው።

ጉዳዩ የቅንጦት የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በጅቡቲ ከተማ በትራንዚት፣ በመርከብ ውክልና፣ በጭነት ማመላለሻና በትርጉም ሥራ ለተሰማራን አማርኛ ተናጋሪዎች የዕለት እንጀራችን ከእነዚህ ድምፆች ጋር ተሳስሯል። ሥራው የሚመጣው በእነርሱ ነው፤ ቁጣው የሚመጣው በእነርሱ ነው፤ የዕረፍት ቀናችን የሚደፈረውም በእነርሱ ነው። ስለዚህ ድምፁን ማን እንደ ሠራው፣ ምን እንደሚልና ለማን እንደሚሠራ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እዚህ በምንገለገልበት በአውሮጳውያኑ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከቃሉ እንነሣ

ሙያዬ ትርጉም ነውና ከቃሉ ልጀምር። የስልክና የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ይህን ጥሪ «ማሳወቂያ» ብለውታል። «ማስታወቂያ» የሚለው ቃል ቀደም ብሎ በጋዜጣና በንግድ ስለተያዘ፣ ተርጓሚዎቹ ከዚያው «ዐወቀ» ከሚለው ግንድ ሌላ ቅርንጫፍ መምረጣቸው ብልህነት ነው። በጅቡቲ ቢሮዎች የምንሰማው የፈረንሳይኛው «ኖቲፊካሲዮን» ደግሞ ከዚህም የከበደ ቃል ነው። በአስተዳደርና በፍርድ ቤት ቋንቋ አንድ ውሳኔ ለባለጉዳዩ በወጉ መድረሱን ያመለክታል፤ የይግባኝ ቀነ ገደብ የሚቆጠረውም ከዚያች ዕለት ጀምሮ ነው። ማሳወቅ ማለት እንግዲህ እውቀትን ማድረስ፣ ከማድረስም ጋር ኃላፊነትን ማሸከም ነው።

ድምፁ ግን ይህን ያደርጋል ወይ? አንዲት «ቲንግ» የምትል ድምፅ አንዳች ነገር መምጣቱን እንጂ የመጣው ምን እንደሆነ፣ ከማን እንደሆነና መቼ ሊመለስ እንደሚገባው አትናገርም። አድማጩ ሥራውን አቋርጦ መስኮቱን እስኪከፍት ድረስ ያወቀው ነገር የለም፤ የሆነው ነገር ቢኖር መታወኩ ብቻ ነው። «ማሳወቂያ» ከሚለው ቃል ውስጥ ፊደል ሲጎድልና ሲለወጥ «ማወኪያ» ይወጣል። ቅኔ ዐዋቂዎች እንዲህ ያለውን የቃል መቀራረብ በከንቱ አያልፉትም፤ እኔም የዚህን ሂስ መንገድ ያገኘሁት ከዚያ ነው። አንድ የጥሪ ድምፅ የሚመዘነው በውበቱ ሳይሆን ከእነዚህ ከሁለቱ ቃላት ለየትኛው እንደሚቀርብ ነው።

አቀናባሪዎቹ እነማን ናቸው?

የኮምፒዩተር ድምፅ የባለሙያ ድርሰት መሆኑን ብዙ ሰው ያወቀው ማይክሮሶፍት በ1995 ዊንዶውስ 95ን ባወጣ ጊዜ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲከፈት የሚሰማውን ዜማ የደረሰው እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ብራያን ኢኖ ነበር። የቀረበለት ትእዛዝ ረጅም የቅጽል ዝርዝር የያዘ ሆኖ፣ የዜማው ርዝመት ግን ሦስት ሰከንድ ከሩብ ብቻ እንዲሆን የሚጠይቅ ነበር። ኢኖ 84 የተለያዩ ሙከራዎችን አዘጋጀ፤ በመጨረሻ የተመረጠው ስድስት ሰከንድ ያህል የሚረዝም ነው። ልብ እንበል፤ ያ ድምፅ ጥሪ አልነበረም። ማሽኑ መንቃቱን የሚያበሥር፣ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ የሚሰማ የመግቢያ ዜማ ነበር። ያማረው በከፊል አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚሰማ ነው።

በዚያው ዐሥር ዓመት ሌላ ዜማ በዓለም ተዳረሰ። ስፔናዊው የጊታር ሊቅ ፍራንሲስኮ ታሬጋ በ1902 ከደረሰው ዋልስ ውስጥ ጥቂት ኖታዎች ተቆርጠው ከ1994 ጀምሮ የኖኪያ ስልክ መጥሪያ ሆኑ። ውጤቱን ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ ያን ዋልስ በጊታር ሲጫወቱት የሚሰማ ሰው ሙዚቃውን ከማጣጣሙ በፊት ኪሱን ይዳብሳል። ሥራው ዝናን አተረፈ፤ ሙዚቃነቱን ግን ለጥሪ ሸጠ። ይህን ምሳሌ በኋላ እንፈልገዋለንና እንያዘው።

ሦስተኛው ምሳሌ የሰው ድምፅ ነው። በ1989 ኤልዉድ ኤድዋርድስ የተባለ አሜሪካዊ የብሮድካስት ባለሙያ በቤቱ ሆኖ በካሴት የቀዳት ደብዳቤ መድረሱን የምታበሥር አጭር ዐረፍተ ነገር፣ አሜሪካ ኦንላይን የተባለው አገልግሎት መለያ ሆና ለዓመታት ተሰማች። ኤድዋርድስ በ2024 ዐረፈ። ያቺ ብሥራት በኔ ሚዛን ከሁሉም ትሻላለች፤ የሆነውን ነገር በቃል ትናገራለችና። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ በየኢንተርኔት ካፌው የለመድነው ያሁ ሜሴንጀርም ወዳጅ መግባቱን በበር ማንኳኳት ድምፅ ይገልጽ ነበር። አገልግሎቱ በ2018 ተዘግቷል፤ በር ሲንኳኳ ግን እንግዳ መምጣቱን ለማወቅ መዝገበ ቃላት የሚያሻው ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ሥራ ቦታ እንምጣ። ስላክ የተባለውን የቢሮ መልእክት መለዋወጫ ያወጣው ግሊች የተሰኘ የኢንተርኔት ጨዋታ ሠርቶ በ2012 የዘጋ ኩባንያ ነው። ፕሮግራሙ በ2014 ለሕዝብ ቀረበ፤ በ2021 ሴልስፎርስ ገዛው። የጨዋታ ቤት ጠባዩ ግን በድምፆቹ ላይ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ተጠቃሚው ከሚመርጥባቸው ድምፆች መካከል «ዲንግ»፣ «ቦይንግ»፣ «ፕሊንክ»፣ «ታ-ዳ»፣ «ዋው»፣ «ኖክ ብራሽ» የሚባሉ አሉ፤ በዐረቦቹ የሽምብራ ማባያ የተሰየመ «ሁሙስ» የሚባልም አለ። ቀልዱ ደስ ይላል። ነገር ግን በሥነ ጽሑፍ ሂስ ዘወትር የምንጠይቀውን የቅርጽና የይዘት ጥያቄ እዚህም እናንሣው። የአለቃ ተግሣጽ በ«ታ-ዳ» ታጅቦ ሲመጣ፣ የሥራ ባልደረባ ሐዘን በ«ቦይንግ» ሲነገር ቅርጹ በይዘቱ ላይ ያላግጣል። ይህ በድርሰት ውስጥ ቢገኝ ደራሲውን በጥብቅ የምንነቅፍበት ጉድለት ነው።

ጥሪ በኛ ዘንድ

በኛ ባህል ጥሪ ባለቤት፣ ትርጉምና ወሰን ያለው ነገር ነው። ነጋሪት ሲጎሰም የሚከተለው አዋጅ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም፤ ለተራ ወሬ ነጋሪት አይመታም። ድምፁ ከሕግ ጋር እጅግ ከመቆራኘቱ የተነሣ በ1942 የመንግሥት የሕግ ጋዜጣ መውጣት ሲጀምር ስሙ «ነጋሪት ጋዜጣ» ተባለ፤ በ1995 የተተካውም «ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ» ነው። ከበሮው ከአደባባይ ከጠፋ በኋላ እንኳ ስሙ በወረቀት ላይ ቀርቷል። በጣና ገዳማት ደግሞ የተንጠለጠለ የድንጋይ ደወል በድንጋይ ይመታል፤ ዜማ የለውም፤ ዝናም አይፈልግም፤ መልእክቱ ግን አንድና ግልጽ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የእድር ጥሩምባ ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ ጥሩምባው ሲነፋ የሰፈር ሰው ሁሉ ከመኝታው ሳይነሣ ሞት መኖሩን ያውቃል። ቀጥሎ ነፊው የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። አንድ ድምፅ፣ አንድ ትርጉም፣ አንድ ግዴታ። ጥሩምባ ነፊው ስለ ወርኃዊ መዋጮ ለማስታወስ፣ ወይም የቀልድ ወሬ ለማውራት በሌሊት ጥሩምባውን ቢነፋ ሰፈሩ ምን ይለው ነበር? ዛሬ ግን ብዙ እድሮችና ማኅበሮች የሞትን ወሬ የሚያስተላልፉት በዋትሳፕና በቴሌግራም ነው። ፍጥነቱ መልካም ነው፤ ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋና አዲስ አበባ ዜናው በአንድ ቅጽበት ይደርሳል። የሚደርስበት ድምፅ ግን የአበባ ሥዕልና የማለዳ ሰላምታ ከሚደርሱበት ድምፅ ጋር አንድ ነው። ሰው ወዳጁ መሞቱን ከሦስት ሰዓት በኋላ የሚያነበው ልቡ ስለ ደነደነ አይደለም፤ ጥሩምባው ከፉጨት ስላልተለየ ነው።

ቋንቋችንም በዚህ ረገድ ሀብታም ነው። ሰው ከደጅ ሆኖ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል እንጂ ዘሎ አይገባም። የተጠራው ለታላቁ «አቤት» ይላል፤ ለእኩያው «ወዬ» ይለዋል። በአንዲት ቃል ውስጥ ጠሪው ማን እንደሆነና ለእርሱ የሚገባው ክብር ምን እንደሆነ ተቀምጧል። የኮምፒዩተሩ ጥሪ ግን ለሁሉም አንድ «አቤት» ያስገድደናል።

ዓርብና እሑድ

ይህ ችግር በጅቡቲ የተለየ መልክ አለው። የባቡሩ ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ጊዜ ጀምሮ የሁለቱ ከተሞች ሥራ አንድ ሆኗል፤ በጃንዋሪ 2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡርም ያንኑ መስመር አድሷል። የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ አብዛኛው ክፍል የሚያልፈው በዚህ ወደብ ነው። አንድ የሥራ ቡድን ሲቋቋም በውስጡ በአዲስ አበባ ያለ አስመጪ፣ በጅቡቲ ያለ ትራንዚተር፣ በዶራሌ ያለ ተቆጣጣሪ፣ በጋላፊ ወይም በደወሌ ኬላ የቆመ ሾፌር ይገኛሉ። ሁሉም በአንድ የመልእክት መስኮት ውስጥ ይነጋገራሉ።

በዚያ መስኮት በአንድ ጠዋት የሚያልፈውን እንመልከት። «እንደምን አደራችሁ» የሚል ሰላምታ፤ ለሰላምታው የተሰጡ ዐሥር ምላሾች፤ አንድ የእግር ኳስ ወሬ፤ ከዚያ መሀል «ዲክላራሲዮኑ ላይ የዕቃው ክብደት ተሳስቷልና ይታረም» የሚል ቃል፤ ቀጥሎ ደግሞ የአውራ ጣት ምልክት። ድምፁ ለሁሉም አንድ ነው። ይህችን አንዲት መስመር ያላየ ሠራተኛ ኮንቴይነሩ የነፃ ቀኖቹን ጨርሶ ዲመሬጅ በየቀኑ ሲቆጠር በማግሥቱ ይደርስበታል። ያን ጊዜ የሚመጣው የስልክ ቁጣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ተረት ያስታውሳል። ጩኸቱ አልጠፋም ነበር፤ ሲጮኽ ውሎ ጅቡ ሲያልፍ ከቀሪው ጩኸት ስላልተለየ እንጂ።

በዚህ ላይ የሳምንቱ አቆጣጠር ይጨመራል። ሁለቱ ከተሞች የሰዓት ልዩነት የላቸውም፤ የዕረፍት ቀናቸው ግን ለየቅል ነው። በጅቡቲ ዓርብ የዕረፍት ቀን ሲሆን እሑድ ሥራ አለ፤ በአዲስ አበባ ዓርብ ሥራ ነው፤ እሑድ ዕረፍት ነው። አዲስ አበባ ያለው ባልደረባ በዓርብ ጠዋት ሲጽፍ በጅቡቲ ያለው ቤተሰቡን ይዞ ለምሳ ሊቀመጥ ነው። ጅቡቲ ያለው በእሑድ ሲመልስ በአዲስ አበባ ያለው ገና ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰም። ማንም ክፉ አላሰበም። ድምፁ ግን የጠሪውን ሳምንት እንጂ የተጠሪውን ሳምንት አያውቅም፤ በዚህም ምክንያት በሁለቱም ከተማ የሚኖር ሠራተኛ ሁለት የሥራ ሳምንት ተሸክሞ አንድም ሙሉ የዕረፍት ቀን ሳይኖረው ይቀራል።

ፕሮግራሞቹ የፈቀዱልን

ለመሆኑ ድምፁን ለማስተካከል ምን ያህል ተፈቅዶልናል? ስላክ በኮምፒዩተር ላይ ከራሱ ዝርዝር ውስጥ እንድንመርጥ እንጂ የራሳችንን ድምፅ እንድናስገባ አይፈቅድም። በአንጻሩ ከ2015 ጀምሮ «አትረብሹኝ» የሚል የዝምታ ሰዓት አለው፤ ይህ ከድምፆቹ ሁሉ የሚበልጥ ድርሰቱ ነው እላለሁ። በ2017 የወጣው የማይክሮሶፍት ቲምስ ለብዙ ዓመታት ምርጫ ነፍጎ ቆይቶ፣ ለተለያዩ የመልእክት ዓይነቶች የተለያየ ድምፅ መስጠት የፈቀደው በ2024 ነው። ዘገየ፤ ነገር ግን አስቸኳይ የሆነውን ካልሆነው መለየቱ ትክክለኛ አቅጣጫ ነው።

በወገኖቻችን ቢሮዎች እጅግ የተለመደው ቴሌግራም በዚህ ረገድ ከሁሉም ቀድሟል። ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ ማንኛውንም ከአምስት ሰከንድ ያልበለጠ አጭር ድምፅ፣ የራስን የድምፅ መልእክት ጭምር፣ የጥሪ ድምፅ ማድረግ ይቻላል። በኮምፒዩተርም ላይ ለእያንዳንዱ ሰውና ለእያንዳንዱ ቡድን የተለየ ድምፅ መመደብ ይፈቀዳል። ከዚህም ቀደም ብሎ በ2019 ሁለት ነገሮች ተጨምረው ነበር፤ መልእክትን ያለ ድምፅ መላክና መልእክትን ለሌላ ሰዓት ቀጥሮ መላክ። በኮምፒዩተሩ ላይ የመላኪያውን ምልክት በመዳፊቱ ቀኝ ቁልፍ ሲጫኑት ሁለቱም ይታያሉ። የሚያሳዝነው ድምፁን ለማሳመር የሚደክም ሰው ብዙ ሲሆን፣ እነዚህን ሁለቱን የሚያውቃቸው ሰው ጥቂት መሆኑ ነው።

ትዝታን ደወል ማድረግ

ምርጫው ሲሰጠን ብዙዎቻችን የምናደርገው የምንወደውን ዘፈን ቆርጠን መለጠፍ ነው። አንዱ የክራር ትዝታ ያስገባል፤ ሌላው የባቲ ቅኝት ያላት የዋሽንት ድምፅ፤ ሌላው የልጁን ሳቅ። የአገር ዜማ ከ«ፕሊንክ» ይሻላል የሚለው ክርክር በመጀመሪያ ሲሰሙት ያሳምናል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ትዝታ የሚያምረው ጊዜ ስለሚሰጠው ነው፤ ሰው ተቀምጦ፣ ተክዞ፣ የራቀውን አስታውሶ የሚሰማው ነገር ነው። በአምስት ሰከንድ ተቆርጦ በቀን ስልሳ ጊዜ የአለቃን መልእክት እንዲያበሥር ሲደረግ ትዝታነቱ ይሞታል። የታሬጋ ዋልስ የደረሰበት ይደርስበታል። ከስድስት ወር በኋላ ያ ሰው በሠርግ ቤት ክራር ሲሰማ የሚታወሰው ያልተመለሰ ኢሜይል ይሆናል። የልጅ ሳቅማ ከዚህም የባሰ ነው፤ ከሥራ የሚያሳርፈንን ድምፅ የሥራ አሽከር ማድረግ ነውና።

ሌላም ነገር አለ። የጅቡቲ ሐሩር መስኮት ዘግቶ በአየር ማቀዝቀዣ ስር በአንድ ክፍል ብዙ ሆኖ መሥራትን ያስገድዳል። በእንዲህ ያለ ክፍል የአንዱ ምርጫ የሌላው ግዴታ ነው። አምስት ሰዎች አምስት ዘፈን ቢለጥፉ ክፍሉ ቢሮ መሆኑ ቀርቶ የገበያ ቀን የካሴት ቤት ይሆናል። ድምፅን የራስ ማድረግ የግል ጉዳይ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ጆሮ እንደ ዐይን ክዳን የለውም።

የሐኪም ቤት ምስክርነት

የጥሪ ድምፅ ጉዳይ የስሜት ብቻ አለመሆኑን ከሁሉ በላይ ያሳዩት ሆስፒታሎች ናቸው። ጆይንት ኮሚሽን የተባለው የአሜሪካ ሆስፒታሎች ዕውቅና ሰጪ ድርጅት በኤፕሪል 2013 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከጃንዋሪ 2009 እስከ ጁን 2012 ድረስ ከሕክምና መሣሪያዎች የማንቂያ ድምፅ ጋር የተያያዙ 98 አደጋዎች እንደተመዘገቡና ከእነዚህ 80ዎቹ በሞት እንደተደመደሙ ገልጿል። በዚያው ጽሑፍ ከማንቂያዎቹ ከ85 እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት ምንም የሕክምና እርምጃ የማይጠይቁ ነበሩ ተብሏል። ነርሶቹ ሰነፎች አልነበሩም። ጆሮ ከመቶ ጊዜ ዘጠናውን በከንቱ ሲጠራ ዐሥሩንም ማመን ይተዋል።

የመፍትሔው አቅጣጫም አስተማሪ ነው። በ2003 የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ ለመሣሪያዎቹ አጫጭር ዜማዎችን መድቦ ነበር፤ ዜማዎቹ ግን እርስ በርስ ለመለየት አስቸጋሪ ሆነው ተገኙ። በ2020 በተሻሻለው ደንብ ትርጉማቸውን የሚመስሉ ድምፆች ገቡ፤ ለልብና ለደም ዝውውር የልብ ምት የመሰለ፣ ለመድኃኒት አሰጣጥ በጠርሙስ ውስጥ የሚንኳኩ ኪኒኖችን የመሰለ። በሌላ አነጋገር የዓለም ሊቃውንት ከዜማ ወደ ጥሩምባና ወደ በር ማንኳኳት ተመለሱ። በ2015 ደግሞ የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የስልክ ማሳወቂያ መድረሱ ብቻ፣ ሰውየው ስልኩን ባያነሣው እንኳ፣ ትኩረት የሚጠይቅ ሥራን እንደሚያበላሽ በሙከራ አሳይተዋል። ውል የሚተረጉም፣ ቁጥር የሚደምር ሰው ይህን ያለ ሙከራም ያውቀዋል።

መራጩ ማን ነው?

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። «ድምፁን በሙሉ ዘግተህ በራስህ ሰዓት ግባና አንብብ፤ ይህ ሁሉ ፍልስፍና ለምን?» የሚል። ምክሩ ለሚችለው መልካም ነው። ዳይሬክተሩ ድምፁን ዘግቶ ከሰዓት በኋላ ቢመልስ «ሥራ በዝቶበት ነው» ይባላል። ገና የተቀጠረው ጸሐፊ ወይም ከአዲስ አበባ ትእዛዝ የሚጠብቀው ትራንዚተር ይህን ቢያደርግ «ስልክ አያነሣም» የሚል ስም ይወጣለታል። ዝምታ እንደ ሥልጣን መጠን የሚከፋፈል ሀብት ነው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረት በቢሮ ውስጥ ሌላ ትርጉም የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሠራተኛው ጆሮ ለሠራተኛው ባዳ፣ ለጠሪው ዘመድ ሆኗል።

የዚህ ሂስ ዋና ነጥብም ይኸው ነው። ፕሮግራሞቹ የሰጡን የድምፅ ምርጫ ነፃነት ይመስላል፤ ነገር ግን እንዴት እንደምንጠራ እንጂ መቼና ለምን እንደምንጠራ አይነካም። በወርቅ ቃጭልም በብረት ቃጭልም ቢጠሩት አገልጋይ ያው አገልጋይ ነው። ፈረንሳይ በኦገስት 2016 ባወጣችውና ከጃንዋሪ 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ 50 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸው ድርጅቶች ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጭ ከመልእክት የመለያየት መብቱን በሚጠቀምበት ሁኔታ ላይ እንዲደራደሩ ያዘዘችው ለዚህ ነው። ሕጉ ስለ ድምፅ ዓይነት አንድም ቃል አልተናገረም፤ የተናገረው ስለ ጥሪው ወሰን ነው።

ሕግ እስኪመጣ ግን እጅ አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም። አንድ ቢሮ በአንድ የቡና ሰዓት ተሰብስቦ ሊስማማበት የሚችል ነገር አለ። ድምፅ ሁሉ ሦስት ይሁን። አንደኛው የጭነት፣ የገንዘብ ወይም የሕይወት ጉዳይ ለሆነ ብቻ የተመደበ፣ እንደ አንድ የከበሮ ምት ደረቅና አጭር ይሁን፤ ለዚህም በፕሮግራሙ ውስጥ ለብቻው ቡድን ይከፈትለት፤ በዚያም ቡድን ሰላምታ አይጻፍ። ሁለተኛው ለተለመደው ሥራ የሚሆን ለስላሳ ድምፅ ይሁን፤ የማንንም ዘፈን አይንካ። ሦስተኛው ለቀረው ሁሉ ይሁን፤ እርሱም ዝምታ ነው። የእድርና የማኅበር ወሬ ከሥራው ቡድን ወጥቶ የራሱ ጥሩምባ ይኑረው። በዓርብ ወደ ጅቡቲ፣ በእሑድ ወደ አዲስ አበባ የሚጽፍ ሰው፣ ጉዳዩ ከመጀመሪያው ዓይነት ካልሆነ በቀር፣ ያለ ድምፅ ይላክ ወይም ለማግሥቱ ይቅጠረው። ስምምነቱን አስቀድሞ የሚያከብረው ደግሞ አለቃው ይሁን፤ እርሱ ካላከበረው የበታቹ ሊያከብረው አይችልምና።

እንዲህ ቢደረግ የድምፁ ምርጫ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ትርጉም ይሆናል። ጠሪው ከመጥራቱ በፊት «ይህ ለየትኛው ድምፅ ይገባል?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል፤ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» እንደሚል እንግዳ ማለት ነው። ተጠሪውም ከበሮው ሲመታ ይነሣል፤ ካልተመታ ሥራውን ይሠራል፤ ልጆቹንም ያጫውታል። ብራያን ኢኖ ለአንድ ድምፅ 84 ጊዜ ከደከመ፣ እኛ ለአንዲት መልእክት መላኪያውን ከመጫናችን በፊት አንዲት ሰከንድ ብናስብ ብዙ አይደለም። ያን ጊዜ ማሳወቂያው ስሙን ያገኛል፤ ማወኪያውም ከደጅ ይቀራል።